ለተደባዳቢ ዓሣ ባለ ቀለም ጓደኛ መምረጥ

(ጅማ ውስጥ ለዓሣ አሳዳጊዎች ከተደረገ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በር ላይ የቆማችሁ ገባ በሉ፣ ከፊት ወንበር አለ።

ከምናውቀው ልነሳ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ቀምሶ የማያውቅ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ከግልገል ጊቤ ግድብ ወጥቶ ከተማችን ውስጥ ተጠብሶ የምንበላው ቆሮሶ ሲክሊድ ነው። ስለዚህ የዛሬው ወሬ የፈረንጅ ዓሣ ወሬ ብቻ አይደለም።

የቆሮሶን ጠባይ አስጋሪዎች በደንብ ያውቁታል። ወንዱ ዳርቻው ላይ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ሌላ ወንድ ከተጠጋ ያባርረዋል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከዚያ እንቁላሉን በአፏ ሰብስባ ይዛው ትሄዳለች። የሲክሊድ ጠብ ከሞላ ጎደል ከዚህ ነው የሚመነጨው። ቦታ፣ ትዳር፣ ልጅ። ሐይቅ ውስጥ የተባረረ ዓሣ ይዋኝና ይሄዳል። አንድ ሜትር በማይሞላ መስታወት ውስጥ የተባረረው ግን የት ይሂድ?

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። እኛ የዓሣን ቀለም የምንመርጠው ለዓይናችን ብለን ነው። ሲክሊድ ግን ቀለምን ያነበዋል። «ይሄ የኔ ዓይነት ወንድ ነው፣ ቦታዬን ሊወስድ መጥቷል» ብሎ ያነበዋል። ገንዳችን እንዲያምር ከፈለግን ዓሣው የሚያነበውን ማወቅ አለብን።

ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ በጣም የሚቀራረቡ ሁለት የሲክሊድ ዝርያዎች አሉ። የአንዱ ወንድ ሰማያዊ ነው፣ የሌላው ላይ ቀይ ይበዛል። ተመራማሪዎች ለአንድ ወንድ ቀዩንም ሰማያዊውንም ተቀናቃኝ ጎን ለጎን አድርገው ሲያሳዩት፣ ይበልጥ የራሱን ቀለም የለበሰውን የሚያጠቃበት ሁኔታ ታይቷል። ይህ በቤት ገንዳም በየቀኑ የምናየው ነው። ሰው መጥቶ «እኔ ሰማያዊ እወዳለሁ» ይልና ሦስት ዓይነት ሰማያዊ ወንድ ይገዛል። በሳምንቱ አንዱ ንጉሥ ይሆናል። ሁለቱ ከማሞቂያው ጀርባ ተሸጉጠው ይውላሉ።

ሌላም አለ። የተሸነፈ ወንድ ቀለሙን ያጠፋዋል። በተለይ ፒኮክ የሚባለው የማላዊ ሐይቅ ዓሣ በደካማነቱ ጊዜ ግራጫ ሆኖ ሴት ይመስላል። ሞኝነት አይደለም፣ ዱላ መቀነሻ ነው። «ዓሣው ሱቅ ውስጥ እንዲህ አልነበረም፣ ተታለልኩ» የሚሉ ሰዎች አሉ። አንዳንዴ እውነት ተታለው ነው፤ እሱን በኋላ አነሳዋለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ዓሣው ቀለም አጥቶ ሳይሆን ፈርቶ ነው። ሰላም ከሌለ ቀለም የለም።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን ቀለም አይደለም፣ ውሃ ነው።

የማላዊ ሐይቅ ዓሦች ማዕድን የበዛበት፣ ሳሙና ቶሎ አረፋ የማይሰጥበት ዓይነት ውሃ ይፈልጋሉ። ፒኤቹ፣ ማለትም የውሃው አሲድነት የሚለካበት ቁጥር፣ ከ7.8 እስከ 8.6 ያህል ነው። ኦስካር የሚባለው ሲክሊድ ደግሞ ከአማዞን ወገን ነው። ማዕድኑ ያነሰ፣ ፒኤቹ ወደ 7 የተጠጋ ውሃ ይስማማዋል። ሁለቱን አንድ ገንዳ ውስጥ ማኖር አንዱን መበደል ነው። የቧንቧችሁን ውሃ ሳትለኩ ዓሣ አትግዙ። መመርመሪያው ከአንድ ጥሩ ዓሣ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ድንጋይም እንዲሁ። ከመጨመራችሁ በፊት አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ውሃውን ያጠነክረዋል። ለማላዊ ዓሣ ጥሩ ነው፣ ለኦስካር አይሆንም።

ሁለተኛው ጥያቄ አፍ ነው። ሲክሊድ አፉ ውስጥ የሚገባን ዓሣ ጓደኛ አይለውም። ምሳ ይለዋል። ኦስካር አድጎ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ያልፋልም። ዛሬ የአውራ ጣት ያህል ሆኖ ኒዮን ቴትራ ከሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ጋር ሲዋኝ ያማረ ይመስላል። ጥቂት ወራት ቆዩና ኒዮኖቹን ቁጠሩ። እሾህ ያላት ትንሽ አምባዛ መሰል ዓሣም አብራው አትግባ፤ ሲውጣት ጉሮሮው ላይ ትሰነቀርና ሁለቱም ይሞታሉ።

እነዚህን ሁለቱን ካለፋችሁ ነው ቀለም የሚመጣው። ደንቡ ቀላል ነው። ጓደኛው በቀለምም፣ በቅርጽም፣ በሚዋኝበት ከፍታም ከሲክሊዱ ይለይ። ሦስቱም ከተለዩ በጣም ጥሩ። ሁለቱ ከተለዩ ይሞከራል። አንድም ካልተለየ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አኑሩት።

ከአሜሪካዎቹ እንጀምር፣ እዚህ ብዙዎቻችሁ የምትይዙት እነሱን ስለሆነ። ኮንቪክት አለ፣ ከመካከለኛው አሜሪካ። ነጭና ጥቁር መስመር ያለው፣ ትንሽ፣ ግን ልቡ ትልቅ። ጥንድ ኮንቪክት ልጅ ካላቸው ከራሳቸው ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ዓሣ ያሳድዳሉ። የሚገርመው ሆዷ ላይ ብርቱካናማ ቀለም ያላት ሴቷ ናት፤ ወንዱ ደብዛዛ ነው። ጃክ ዴምፕሲ አለ። ስሙ ከ1919 እስከ 1926 የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከነበረው ቦክሰኛ ነው የመጣው። ስሙን ሰምቶ «ከትንሿ ጉፒ ጋር ይስማማል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ! ጥቁር አካሉ ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ ነጠብጣብ ይረጫል፤ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ፋየርማውዝ ደግሞ ከስሙ ያነሰ ነው። ጉሮሮውን ነፍቶ ቀዩን ያሳያል፣ ስንጥቡን ከፍቶ ያስፈራራል፣ እውነተኛ ተደባዳቢ ሲመጣ ግን ይሸሻል። ከጃክ ዴምፕሲ ጋር ጠባብ ገንዳ ውስጥ አታስገቡት።

ለእነዚህ ጓደኛ የምመርጠው ብዙ ጊዜ ሌላ ሲክሊድ አይደለም። ፈጣን፣ ከላይ የሚዋኝ፣ በመንጋ የሚሄድ ዓሣ ነው። ለኮንቪክትና ለፋየርማውዝ ጃይንት ዳኒዮ ግሩም ነው። ሰማያዊና ወርቃማ መስመር አለው፣ አንድ ቦታ አይቆምም፣ ማንም አይደርስበትም። ለኦስካር ሲልቨር ዶላር። እንደ ብር ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ ነው፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፣ አፍ ውስጥ አይገባም። ከአምስት ስድስት ባላነሰ ቁጥር ግዙት፤ ብቻውን ሲሆን ይሸበራል። አትክልት ስለሚበላ ገንዳው ውስጥ የተተከለ ነገር አይተርፍም። ኦስካሩም ቢሆን ይነቅለዋል፣ ስለዚህ አትቆጩ።

እነዚህ ዓሦች ከማሳመር ያለፈ ሥራ አላቸው። አደፋፋሪ ናቸው። ሲክሊድ ትናንሽ ዓሦች ከላይ በነፃነት ሲንሸራሸሩ ሲያይ «አዳኝ የለም» ብሎ ከዋሻው ይወጣል። ሲወጣ ቀለሙን ታያላችሁ። ዳኒዮ ሳይኖር ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሥር የሚውል ዓሣ፣ ዳኒዮ ሲገባለት መሀል ገንዳ ላይ ቆሞ ይንጎራደዳል።

ከታች ለሚሆነው ብሪስልኖዝ ፕሌኮ የሚባለው አምባዛ መሰል ዓሣ ጥሩ ነው። ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፣ መጠኑም ከ15 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ተራው ፕሌኮ ግን ጣት ሲያክል ገዝታችሁ ክንድ ያክላል። መጀመሪያውኑ ይታሰብበት።

ጓደኛ የማይሰጠው ዓሣም አለ። ሬድ ዴቪልና ፍላወርሆርን የሚባሉት ኃይለኛ ሲክሊዶች ካደጉ ብቻቸውን ይሁኑ። ባለቤታቸውን ያውቃሉ፣ መስታወቱ ጋ መጥተው ይቀበሏችኋል። ለእነሱ ጓደኛው እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ማላዊ ሐይቅ። ቀለም ለሚወድ ሰው ከንጹሕ ውሃ ዓሣ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ አላውቅም። በመቶዎች የሚቆጠር የሲክሊድ ዝርያ አለበት፤ አብዛኛው ከዚያ ሐይቅ ውጭ የትም የለም።

ሁለት ትልልቅ ወገን አድርጋችሁ ያዟቸው። አንደኛው ምቡና ይባላል (ከጅማ ቡና ጋር ዝምድና የለውም)። አለት ላይ የሚኖር፣ ከአለቱ ላይ አረንጓዴ ሽበት (አልጌ) እየጋጠ የሚበላ፣ ትንሽና በጣም ተደባዳቢ ዓሣ ነው። ሁለተኛው ፒኮክና ዘመዶቹ ናቸው። አሸዋማና ክፍት ቦታ ይወዳሉ፣ ነፍሳትና ትናንሽ ነገር ይበላሉ፣ ጠባያቸው ለስለስ ያለ ነው። ሰዎች ሁለቱን «የአንድ ሐይቅ ልጆች ናቸው» ብለው ይቀላቅላሉ። ችግሩ ሁለት ነው። ምቡናው ፒኮኩን ያስጨንቀዋል። ምግባቸውም አይገጥምም። ለፒኮክ የተሰጠ ሥጋ የበዛበት ምግብ የምቡናን አንጀት ያውካል፤ ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል። ሁለቱን ለየብቻ አኑሯቸው።

ምቡና ለሚፈልግ፣ መነሻው «የሎው ላብ» የሚባለው ይሁን። ደማቅ ቢጫ፣ ክንፉ ላይ ጥቁር መስመር፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከምቡናዎች ሁሉ የዋህ። ከእሱ ጋር ሌላ ቢጫ አታስገቡ። ሰማያዊ ከጥቁር መስመር ጋር ያለውን ዴማሶኒን አስቡት። ቢጫና ሰማያዊ ጎን ለጎን ሲሄዱ ዓይን ይይዛል፣ እርስ በርስም እንደ ተቀናቃኝ አይተያዩም። ዴማሶኒ ግን በራሱ ወገን ላይ ክፉ ነው። ሦስት አራት ከገዛችሁ አንድ ይቀራል። ወይ ከአሥራ ሁለት በላይ አድርጉት፣ ወይ ተዉት።

ኦራተስ ከሚባለው ተጠንቀቁ። ትንሽ ሲሆን ወርቃማ ሆኖ ጥቁር መስመር አለው፣ ያማልላል። ሻጭም ስለ ውበቱ እንጂ ስለ ጠባዩ አያወራም። ወንዱ ሲያድግ ይጠቁራል፣ ቀለሙ ከሴቷ ጋር የተገለበጠ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ገንዳው የእሱ ነው። ለጀማሪ እኔ አልመክረውም፤ በነፃ ቢሰጣችሁም።

ምቡና ላይ ሌላ ለጆሮ የሚከብድ ነገር አለ። ትንሽ ጠበብ ብለው ቢኖሩ ይሻላል። አራት ዓሣ ካለ ኃይለኛው አንዱን ለይቶ ያሳድደዋል። ሃያ ካለ ማንን እንደሚያሳድድ ይጠፋዋል፣ ዱላው ይከፋፈላል። ለአንድ ወንድ ሦስትና ከዚያ በላይ ሴት ይሁን። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ሦስት ሳምንት ያህል አትበላም። በዚህ ጊዜ ወንድ እንዳያስጨንቃት ሌሎች ሴቶች ያስፈልጋሉ።

ፒኮክ ላይ ግን ቀለም ብቻ የሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለው። ሴቶቹ ግራጫ ናቸው። ስለዚህ ወንድ ብቻ፣ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ይያዝ። አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ቢጫ፣ አንድ ቀይ፣ ቅርጻቸውም የተለያየ። አንዲት ሴት እንኳ ከገባች ሰላሙ አለቀ። ይህ ገንዳ ልጅ አያወልድም። ሳሎን ውስጥ ግን እሱን የሚያህል ጌጥ የለም።

ከታንጋኒካ ሐይቅ ለማላዊ ገንዳ የሚመጣ አንድ ጓደኛ አለ። ሲኖዶንቲስ፣ ነጠብጣብ ያለበት አምባዛ መሰል። ከታች ይዋኛል፣ ውሃው ይስማማዋል፣ ማንም አይነካውም። ከዝርያዎቹ አንዱ ጉደኛ ነው። ሲክሊዶቹ እንቁላል ሲጥሉ መሀል ገብቶ የራሱን ይጥላል። እናቲቱ ሳታውቅ በአፏ ሰብስባ ታሳድግለታለች። የእሱ ጫጩት ቀድሞ ይፈለፈልና የእሷን ልጆች ይበላቸዋል። ጨካኝ ነው፣ ግን ቁጭ ብለው የሚያዩት ነገር ነው።

ስለ መታለል አነሳለሁ ብዬ ነበር። በመርፌ ቀለም የተወጋ ዓሣ አለ። ፈዛዛ ሮዝ፣ ወይ ደማቅ ሐምራዊ፣ በተፈጥሮ የማይታይ ዓይነት። ብዙ ጊዜ ብለድ ፓሮት በሚባለው ድቅል ላይ ይሠራል። ቀለሙ በወራት ይጠፋል፣ ዓሣውም ይጎዳል። ብለድ ፓሮት ሲፈጠርም አፉ በደንብ የማይገጥም ነው፤ ከኃይለኛ ሲክሊድ ጋር ሲገባ መንከስ አይችልም። አትግዙ። ካልተገዛ አይመጣም።

አሁን ጅማ ላይ እንውረድ። መጽሐፍ የሚለው ሁሉ እዚህ እንዳለ አይሠራም።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ቅድም «ምቡና ጠበብ ብሎ ይኑር» ያልኩት ምክር የተጻፈው ዝቅ ባለ አገር ላሉ ሰዎች ነው። እኛ ስንከተለው ከማጣሪያው ሌላ የአየር ፓምፕ መጨመር አለብን። ዓሦቹ ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ውሃው አየር አንሶታል ማለት ነው።

ማሞቂያም የግድ ነው። የጅማ ሌሊት ለእኛ ነው እንጂ ለማላዊ ዓሣ አይመችም። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ውሃው ሲቀዘቅዝ በሽታ ይገባል፣ ጠቡ ቀነሰ ብላችሁም አትደሰቱ።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያሰጋው ብርዱ ሳይሆን አየሩ ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያዙ። ከሌለ በጆግ ውሃውን እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት፤ አሰልቺ ነው ግን ያተርፋል። ገንዳውን በጋቢ ሸፍኑት። ትልቅ ገንዳ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው። መብራት እስኪመጣ ምግብ አትስጡ።

ገንዳ ስታሠሩ ርዝመት ይቅደም፣ ከፍታ አይደለም። ተባራሪ የሚሸሸው ወደ ጎን ነው። 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 50 ወርድ፣ 50 ቁመት ቢሆን 300 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻ 300 ኪሎ ነው። የቲቪ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ የብረት መቆሚያ አስበይዱለት። ለዋሻ ገበያ ወርዳችሁ ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ ግዙ። የተሰነጠቀው ይሻላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ከዓሦቹ ቁጥር የሚበልጥ ዋሻ ይኑር።

አዲሱ ገንዳ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ማጣሪያው ውስጥ የሚያጸዱት ባክቴሪያዎች መራባት አለባቸው። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ይህን የዘለለ ሰው ዓሣው ተደባድቦ ሞተ ይላል። የገደለው ግን ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣው አሞንያ ነው። ፒኤች ከፍ ባለበት የማላዊ ገንዳ ደግሞ አሞንያ ይበልጥ መርዝ ይሆናል።

ማስገባቱ ላይ ቅደም ተከተል አለ። የዋሁ ይቅደም፣ ኃይለኛው መጨረሻ ይግባ። ነባር ገንዳ ላይ አዲስ ዓሣ ስታመጡ ድንጋዩንና ማሰሮውን አውጥታችሁ እንደ አዲስ ደርድሩት። ነባሩ የያዘው ወሰን ይፈርስበታል፤ እሱም እንደ እንግዳው ቦታ ፈላጊ ይሆናል። መብራቱን አጥፉ። ነባሩን ቀድማችሁ አብሉት። አንድ አንድ እያላችሁ ሳይሆን ሦስት አራቱን በአንድ ቀን አስገቡ።

እሺ፣ ጥያቄ ካለ።

አንዲት እናት የጠየቁኝ ይህን ነው። «ልጄ ኦስካር ይዟል። ቀይ ጎልድፊሽ ልጨምርለት ብሎ አስቸገረኝ፣ ያምር ነበር።» እማማ፣ አይጨምር። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፣ ኦስካር ሞቃት። ደግሞም ይበላዋል። አዘውትሮ ጎልድፊሽ የበላ ኦስካር ራሱ ቫይታሚን ቢ1 እያጠረው ይታመማል። ቀይ ነገር ከፈለገ ኦስካሩ ራሱ ቀይ ዓይነት አለው። ሲልቨር ዶላር ይግዙለት፣ ገንዳውም ትልቅ ይሁን።

ወንድሜ ከኋላ፣ ከጊቤ የቆሮሶ ጫጩት አምጥቶ ከኮንቪክት ጋር ስለማኖር ጠይቀሃል። ጫጩት ሲሆን ይኖራል። ግን ቆሮሶ የሚበላ ዓሣ ነው፤ ያድጋል፣ በዓመቱ ገንዳውን ይሞላዋል፣ አሸዋውን ሁሉ ይገለብጠዋል። ቀለሙም ቢሆን ግራጫ ነው። ከዱር የመጣ ዓሣ ጥገኛ ተውሳክ ይዞ እንደሚመጣም አትርሳ። ለማጥናት ከሆነ ለብቻው ያዘው። ጎጆ ሲቆፍር ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

የመጨረሻውን ልመልስና ቡና ይቀርባል። «ኮንቪክቶቼ ወለዱ፣ ወለዱ፣ መጠጊያ አጣሁ። ቦዬ ረግረግ ብለቃቸው ምን አለበት?» ብለሻል፣ እህቴ። አለበት። ይህ ዓሣ ከውጭ የመጣ ነው። ልጁን የሚጠብቅ፣ ያገኘውን የሚበላ፣ ቶሎ የሚራባ ነው። ቦዬም፣ አዌቱም የጊቤ ተፋሰስ ናቸው፣ ጊቤ ደግሞ ወደ ኦሞ ይሄዳል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1950ዎቹ የገባው የናይል ፐርች የስንቱን የአገሬው ሲክሊድ ዘር እንዳጠፋ ይታወቃል። ጫጩቶቹን ለሌላ አሳዳጊ ስጪ፤ ዛሬ እዚህ ውስጥ ራሱ የሚቀበልሽ አይጠፋም። ጥንዶቹን ደግሞ ለያያቸው። ወንዱን ከዳኒዮዎቹ ጋር ተይው፣ ሴቷን ወደ ሌላ ገንዳ ውሰጃት። ብርቱካናማ ሆዷ እዚያም ያምራል።